ዕቃ የማያየው ጎብኚ

አዲስ አበባን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ሌባ ስከታተል ነው። ሌላ ሰው ስለ ፎቁና ስለ መኪናው ብዛት ያወራ ይሆናል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የማወራችሁ ስለ አንድ ቡናማ ኮት ነው። የግራ ክርኑ ሳስቷል፣ ከኋላው አንድ ክር ተንጠልጥሏል፣ ለባሹ ሲጨንቀው ቁልፉን ይፈታና መልሶ ይቆልፈዋል። ዛሬም ኮቱን ከመቶ ኮት መሀል እለየዋለሁ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ ለትምህርት ብለው ከደብረ ኤልያስ አምጥተው ደብረ ማርቆስ ከአክስቴ ከእትየ አርሴማ ጋር አስቀምጠውኝ ነበር። እትየ አርሴማ አስተማሪ ናት፤ ሳቂታ፣ ግን ነገር ካላመነችበት ንቅንቅ የማትል። የዚያን ዓመት ትምህርት እንደተዘጋ አያቴ ቄሰ ገበዝ ገዳሙ ከገጠር መጡና «አዲስ አበባ ሄደን ሙዚየም እናያለን፤ ሂዊም ትመጣለች» አሉ፤ ሂዊ እኔ ነኝ። ከክፍሌ ሦስተኛ ወጥቼ ነበርና ሽልማቴ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማንም አላስተባበለኝም። ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አወራሁ። አንዷ «ሦስተኛ ለወጣች አዲስ አበባ ከሆነ አንደኛ የወጣውን የት ሊወስዱት ነው?» ብትለኝ ኢየሩሳሌም ብዬ አፏን አስያዝኳት።

አያቴን ማወቅ አለባችሁ። ቄሰ ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት በእጁ ያለ ካህን ነው። መስቀሉ፣ ጽናጽሉ፣ የብራናው መጽሐፍ ያለበት የዕቃ ቤት ቁልፍ ሲተኙም ከወገባቸው አይለይም። ያኔ ደግሞ በየአጥቢያው የሚወራው የዕቃ ሌባ ወሬ ነበር። ጎብኚ ነኝ ብሎ ይመጣል፣ ጧፍ ያበረክታል፣ ጉልበት ስሞ ይሄዳል፤ ሰንበት ብሎ መስቀል ጠፋ ይባላል። ስለዚህ አባየ፣ እኔ እንዲያ ነው የምጠራቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሁሉ እንግዳ መጠበቅ አስተምረውናል።

«አፉን አትስሙ፣ ዓይኑን ተከተሉ» ይሉናል። «ሊሳለም የመጣ ሰው መስቀሉን ያያል። ሊሰርቅ የመጣ ግን መስቀሉን አያይም፤ እሱን አስቀድሞ አጥንቶታል። እሱ የሚያይ ጠባቂውን ነው።»

እኔ በዚህ ትምህርት ሦስተኛ አልነበርኩም። አንደኛ ነበርኩ።

አዲስ አበባ ያረፍነው ሽሮ ሜዳ፣ የእትየ አርሴማ የአጎት ልጅ አለሚቱ ቤት ነው። አለሚቱ ከእጇ ስልክ የማይጠፋ፣ ፈጣን፣ ለሁሉም ነገር መላ ያላት ሴት ናት። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ አቀረበችልን፤ አባየ ግን ማዕዱን ባረኩና ወደዚያ ገፉት።

«ሙዚየሙ ውስጥ ንዋየ ቅድሳት አለ አላልሽም? በልተን አንገባም።»

«አባ፣ ሙዚየም እኮ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።»

«መስቀሉ ቤት ስለቀየረ መስቀልነቱ ይቀራል?» አሉ። አለሚቱ ማዕዱን አነሳች። እኔም ጾሜን አምስት ኪሎ ደረስኩ፤ ሆዴ እየጮኸ።

ብሔራዊ ሙዚየም በር ላይ አባየ ጫማቸውን አወለቁ። ጥበቃው በትህትና «አባቴ፣ ጫማዎን ያድርጉ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል» አላቸው። እሺ ብለው አደረጉ፤ ግን ሲገቡ መድረኩን ተሳለሙ። ድንቅነሽ ዘንድ ስንደርስ አስጎብኚው ለአንድ የፈረንጆች ቡድን የሚነግረውን እትየ አርሴማ እየሰማች ለአባየ ታስረዳ ጀመር። እዚህ የምትታየው አምሳያዋ ናት፣ የእውነተኛዋ አጥንት ውስጥ ተቆልፎበት ተቀምጧል አለቻቸው። ያዝናሉ ብላ ፈርታ ነበር። አባየ ግን ፊታቸው በራ።

«ጎሽ» አሉ። «ዋናውን ዕቃ ለመንገደኛ አያሳዩም። እዚህ ቤት ሥራውን የሚያውቅ ገበዝ አለ።»

ሰውየውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከድንቅነሽ ሳጥን ወዲያ፣ ዓምድ ተደግፎ ቆሟል። ረጅም ነው፣ ቡናማ ኮት ለብሷል፣ እጆቹ ማረፊያ አጥተዋል። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን አስግጎ አጥንቷን ያያል። እሱ አያያትም። የሚያየው እኛን ነው።

አባየ ያሉት ሌባ ይሄ ነው አልኩ። ለማረጋገጥ ብዬ ተከታተልኩት። ወደ ነገሥታቱ ልብስ ስንሄድ መጣ፤ ልብሱን አላየም። ወደ ሥዕሉ ስንወጣ ወጣ፤ ሥዕሉን አላየም። አንድ ትልቅ ሥዕል ፊት ቆሞ ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ነበር። በዚህ ላይ ደግሞ አባየን ከሩቅ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ሲነሳቸው በዓይኔ በብረቱ አየሁ። አባየ ቶሎ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እንግዲያውስ ይተዋወቃሉ ማለት ነው አልኩ። ይሄ ሌባ አንድ ቀን ዕቃ ቤታችን ደጃፍ የመጣ ሌባ ነው፤ የገበዝ ዓይን እንዳለን ስላወቀ ነው እኛን የሚጠብቅ።

እትየ አርሴማ ነጠላዋን እያወረደች እያነሳች ታስቸግራለች። ብርድ መቷታል መሰለኝ፤ ጉንጯ ፍም መስሏል።

ነገሩ የገባኝ አክስቴ ያኔ የነበረችበት ዕድሜ ላይ ስደርስ ነው። እትየ አርሴማ ደጋግማ ሽማግሌ መልሳ ነበር። የተከበሩ ሽማግሎች በበቅሎ መጥተው፣ ተቀምጠው፣ ተነጋግረው፣ «አላየሁትም፣ አላውቀውም፣ አላገባም» ተብለው አቀርቅረው ተመልሰዋል። አባየ ሀፍረቱን አልቻሉትም። «ከእንግዲህ ሽማግሌ ከደጄ አፍሮ አይመለስም። አይተሽ እሺ ያልሽው ሰው ሲገኝ ይልካል፤ ካልተገኘ ወሬው በዚህ ይዘጋል» አሏት። አለሚቱ እንዳለ የሚባል የደምበጫ ልጅ አገኘች። አዲስ አበባ ውስጥ የውኃ ፓምፕ የሚጠግን፣ ጭምት፣ ቤተሰቡ የታወቀ። አባየ ቢለምኗቸው ቢለምኗቸው መተያየትን ብቻ ፈቀዱ። መነጋገር የለም፤ ንግግር የሽማግሌ ነው። «ስልክ እያለ?» ብትላቸው አለሚቱ፣ «በስልክ ሁሉም ሰው ጥሩ ነው» አሉ። የገበያ ቦታ ደግሞ ለገበዝ ልጅ አይሆንም፤ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሙዚየም ሆነ። እኔ የተወሰድኩት ደግሞ ሕፃን ይዞ የሚዞር ቤተሰብ ነገር ፍለጋ የመጣ ስለማይመስል ነው። ሽልማቱ ይሄ ነበር።

እኔ ግን ሌባዬን ይዣለሁ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ጉድ ሰማሁ። አለሚቱ ጓሮ ሆና በስልክ ታንሾካሹካለች። «ዛሬ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው ሙዚየም ነን። ቀድመህ ግባ። አዛውንቱ ጋ እንዳትጠጋ። ኮትህን ደግሞ ቀይር እንጂ።» ጭንቅላቴን ያዝኩ። የሥጋ ዘመዳችን የሌባው ውስጥ አዋቂ ናት።

ኮቱን አልቀየረም። በኋላ እንደሰማሁት ሌላ ኮት አልነበረውም።

ስድስት ኪሎ የንጉሡ መኝታ ቤት የነበረውን ክፍል አየን። አባየ አልጋውን አይተው «ለንጉሥ አነሰ» አሉ። እኔ አልጋውን ያየሁት በአንድ ዓይኔ ነው፤ ሌላው ሥራ ላይ ነበር። የሙዚየም መስታወት ጥሩ ነገር አለው። ፊትህን ወደ ዕቃው አድርገህ ከኋላህ ያለውን ታያለህ። በበገናውና በክራሩ ሳጥን መስታወት ላይ ቡናማው ኮት ቆሞ አየሁት። ዓይኑ ከእትየ አርሴማ ላይ አይነቀልም። የያዘችውን ቦርሳ ነው ብዬ ቦርሳዋን ሁለት እጄ ላይ ጠምጥሜ ያዝኩት።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» አለችኝ።

«ምንም። እኔ ልያዝልሽ።»

ለአባየ መንገር ነበረብኝ። ጋቢያቸውን ሳብ አድርጌ «አባየ፣ አንድ ሌባ ይከተለናል። ዕቃ አያይም፤ እኛን ነው የሚያይ» አልኳቸው።

አባየ ሳል ያዛቸው። ሳሉ አልለቅ አለ። «ዝም በይ» አሉኝ በመጨረሻ። «አይተሽ እንዳላየሽ ሁኚ።»

ያን ያህል ያስተማሩን ሰው ፈርተዋል ማለት ነው። ከቤቱ ሁሉ የቀረሁት ጠባቂ እኔ ብቻ ነኝ።

ማታ እትየ አርሴማና አለሚቱ ሳህን ሲያጥቡ አጠገባቸው ተቀምጬ እህል የምለቅም መስዬ የሁለቱን ወሬ አዳመጥኩ። እትየ አርሴማ ፊቷ ዳምኗል።

«ቁመቱን አየሁ፣ ኮቱን አየሁ» ትላለች። «ደህና ሰው ይመስላል። መምሰሉን በምን ልለየው? የቆመ ሰው አይቶ ምን ይታወቃል?»

«እንግዲያ እንቢ በያ።»

«እንቢም ለማለት አላወቅሁትም። ግን ካልቆረጠልኝ እንቢ ነው የምል፤ ነገ ምሽት ለአባየ መልሴን ልነግራቸው ቃል ገብቻለሁ። ከዚያ ወዲያ በቃ፣ ሁለተኛ አይነሳም።» ያጠበችውን ሳህን መልሳ ማጠብ ጀመረች። «ደክሞኛል እኮ አለሚቱ። ሰው እፈልጋለሁ። እንዲያው ዝም ብዬ በጭፍን መዝለሉ ነው ያቃተኝ።»

እትየ አርሴማም ሌባውን አይታዋለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ስለ ሌላው ነገር አልተጨነቅሁም። አዋቂ ሰው ሳህን ሲያጥብ የማያወራው ነገር የለም።

በመጨረሻው ቀን ዝናብ ነበር። የሄድነው ወደ አንድ ትንሽ ሙዚየም ነው፤ ሰው የሌለበት፣ ወለሉ የሚንቋቋ፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ መስቀል ብቻ የተደረደረበት። ጥበቃዋ ሹራብ የደረበች ወፍራም ሴትዮ ናት። በሩ ላይ ወንበሯን አስጠግታ ተቀምጣለች። አባየ ከአንዱ መስቀል ወደ ሌላው እያዘገሙ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አለሚቱ መስኮቱ ጋ ሆና ዝናቡን የምታይ መሰለች።

ሰውየው ገባ። ኮቱ በስብሶ ጠቁሯል። ከወትሮው ይልቅ ተጠጋ። መሀል አዳራሹ ላይ በመስታወት ሳጥን የቆመ አንድ ረጅም የመጾር መስቀል፣ በታቦት ፊት የሚያዘው ዓይነት፣ ነበር። እትየ አርሴማ ከወዲህ ቆማለች፤ እሱ ከወዲያ መጥቶ ቆመ። መሀላቸው መስቀሉ ብቻ ነው። መስቀሉን ሁለቱም አላዩትም። ሰውየው የኮቱን ቁልፍ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ፣ ከዚያ እጁን አንስቶ መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

በቃኝ። ሮጬ ጥበቃዋ ዘንድ ሄድኩ።

«እትየ፣ ያ ሰውዬ ሌባ ነው።»

«ምን ሰረቀ?»

«ገና ነው፤ ሊሰርቅ ነው። ከአምስት ኪሎ ጀምሮ ይከተለናል። ዕቃ አያይም። አያቴ ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ እኔ ሌባ አውቃለሁ።»

ጥበቃዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ከዚያ እሱን አየችው። ተነስታ ሄደች። ያቺ ሴትዮ ሥራዋን ታውቅ ነበር። አልጮኸችም፣ አላዋከበችም። በሩ ላይ የነበረውን ባልደረባዋን በጥቅሻ ጠራችና «ይቅርታ ወንድሜ፣ መታወቂያ ይዘዋል?» አለች።

ሰጣት። አነበበችው።

«አቶ እንዳለ። ምን ሊያዩ ነው የመጡት?»

«ልጎበኝ ነው።»

«ይሄ ጀርባዎን የሰጡት ሳጥን ውስጥ ያለው የየት መስቀል ነው?»

አላወቀም። እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

«ይቺ ልጅ በየሙዚየሙ እየተከተሉን ነው ትላለች። እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው» አለ። መዋሸት እንኳን የማይችል ሌባ ነበር።

«ለምን ይከተሏቸዋል?»

ዝም አለ። ላቡ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ በግንባሩ ይወርዳል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ነጻ ይወጣል፤ ግን ሽማግሌ ሳይልክ፣ በማያውቋቸው ሰዎች ፊት፣ ይቺን ልጅ ላያት ነው የመጣሁት ቢል ስሟን አነሳ ማለት ነው። በእኛ አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ያኔ ግን የታየኝ የተያዘ ሌባ ዝምታ ነው።

ጥበቃዋ ወደ አባየ ዞረች። «አባቴ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?»

አሁን ሳስበው እስቃለሁ። አባየ በሕይወታቸው እንዲያ የተጨነቁበት ሰዓት ያለ አይመስለኝም። አውቀዋለሁ ቢሉ በሰው ፊት ልጄን ሰጥቼዋለሁ እንደማለት ነው፤ እሷ ገና እሺ አላለችም። አላውቀውም ቢሉ ደግሞ ካህን ናቸው፤ ያ ሁሉ መስቀል ከቧቸው ቆሞ ሊዋሹ ነው። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ገና ነኝ» አሉ።

«ምን ማለት ነው ገና?»

«ገና ማለት ገና ነው።»

አለሚቱ መስኮቱ ጋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ጥበቃዋ ትዕግሥቷ አለቀ። «እንግዲህ ቢሮ ገብተን ፖሊስ እስኪመጣ እንቆያለን» አለችና የሰውየውን ክንድ ያዘች። እሱም አልታገለም። ፊቱን ብቻ አዞረና ከኋላው ሳጥን ውስጥ ያለውን መስቀል ማየት ጀመረ። ምን ዓይነት ደፋር ነው አልኩ በልቤ፤ ከተያዘ በኋላ እንኳን ዕቃውን ያጠናል።

«እኔ አውቀዋለሁ።»

እትየ አርሴማ ናት። ሳጥኑን ዞራ መጥታ ከጥበቃዋ ፊት ቆማለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፤ አላነሳችውም።

«ምንሽ ነው?» አለቻት ጥበቃዋ።

«ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ ከተያዩ ጀምሮ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረችው። «ትልካለህ አይደል?»

«ነገውኑ» አለ እንዳለ።

«ነገ እንኳን አይሆንም» አሉ አባየ። «ነገ መንገድ ላይ ነን። እሑድ ይሁን።»

ጥበቃዋ ክንዱን ለቀቀችው። አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን፣ አንዴ አባየን አየችና እዚያው መስቀሎቹ መሀል እልል አለች። ባልደረባዋ «ኧረ ሙዚየም ነው» ሲላት «ታዲያ ምን ይሁን፣ ደስታ ነው» አለችው።

እኔ ግን ዕንባዬ መጣ። አክስቴ ሌባ ለማስጣል ዋሽታ፣ እንዲያውም ላገባው ነው አለች። እስከ ማርቆስ ድረስ አላናገርኳትም። ዓባይ በረሃ ላይ ሙዝ ስትሰጠኝ ሙዙን ወሰድኩ፤ እሷን አላየኋትም። እሑድ ሽማግሎቹ መጡ፤ ጥር ላይ ሠርጉ ሆነ። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ደጃፋችን ሲደርስ አዲስ ኮት ለብሷል፤ የማልለየው መሰለው። እኔ ዳሱ ጥግ ላይ የአክስቶቼን ልጆች ሰብስቤ እጁን እንዲጠብቁ አሰለፍኳቸው። ምንም አልጠፋም። ከዚያ ወዲህም በጋሼ እንዳለ ቤት ምንም ጠፍቶ አያውቅም፤ ከራሱ መነጽር በቀር። ያንን ሠርግ ማን እንዳደረገው ግን እስከ ዛሬ በየበዓሉ እናገራለሁ፤ የሚቃወመኝ የለም።

ባለፈው ዓመት፣ እኔ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቼ ስኖር፣ እትየ አርሴማና ጋሼ እንዳለ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ሙዚየም ወሰድኳቸው። ጋሼ እንዳለ ልጆቹን ይዞ ከፊት ከፊት ሲሄድ እትየ አርሴማን ክንዷን ይዤ፣ «እውነቱን ንገሪኝ። ማታውን እንቢ ልትይ ነበር። መቼ ነው የቆረጠልሽ?» አልኳት።

ቆም አለች። «እነዚያን ቀናት ሁሉ ከእኔ ላይ ዓይኑን ነቅሎ አያውቅም ነበር። ያን ሰዓት፣ ጥበቃዋ ስትይዘው፣ አንዴ ቀና ብሎ ቢያየኝ ሁሉም ነገር ይገባቸው ነበር። እሱ ይለቀቃል፣ እኔ አፍራለሁ። አላየኝም። ፊቱን አዞረና ከኋላው ያለውን መስቀል ማየት ጀመረ። ይሄ ሰው ይጠብቀኛል አልኩ። ሌላ ምንም ማየት አልፈለግሁም።»

ልጆቹ ወደ ሌላ ክፍል ሮጡና ጋሼ እንዳለ ወደ እኛ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ስትያዝ ዞረህ ያየኸው መስቀል ትዝ ይልሃል? እንዴት ያለ ነበር?» አልኩት።

አሰበ። የኮቱን ቁልፍ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈው።

«እንጃ» አለ። «ፊቴን ወደዚያ አዞርኩ እንጂ እኔስ ምንም አላየሁም።»